ያለ አባት የተጻፈ ስም

ሮም በገባሁ በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ በምሠራበት ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ስስ ፕላስቲኮች ተደርድረው አገኘሁ። እንደ መስኮት መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያሉ፤ በአንድ ጎናቸው ግን ቀለም ተለቅልቆባቸው ጉብታ ጉብታ ሠርቶ ደርቋል። የጎረቤት ልጅ ገብቶ የተጫወተባቸው መሰለኝ። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ባለሙያነቷን ማሳየት ትወዳለች። ሰብስቤ ወደ ማድ ቤት ወሰድኳቸውና በለብ ያለ ውሃና በሳሙና፣ አልለቅ ያለውን በጥፍሬ እየፋቅኩ፣ ሁሉንም አጠብኳቸው። በፎጣ አድርቄ ወደ ቦታቸው ስመልሳቸው ያንጸባርቁ ነበር።

የቤቱ ባለቤት ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጠዋት ወጥተው አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። «ስቱዲዮ» እንደሚሉ እንጂ እዚያ ምን እንደሚሠሩ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛውን አዩት። አንዱን ፕላስቲክ አነሱና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት። ምንም የለበትም። ሁለተኛውን አነሱ።

«ምን አደረግሽ?» አሉኝ።

«አጠብኳቸው፣ ሲኞራ» አልኩ ኮራ ብዬ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ግን ወደ ለቅሶ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ያጠብኩት የካርቱን ፊልም ነበር። ሮዶቬትሮ ይሉታል፤ ሥዕሉ የሚቀባበት ብርሃን አሳላፊ ቅጠል ነው። አሥራ አንዱ ቅጠል አንዲት ቀበሮ አንገቷን የምታዞርበት ነበር። ከፊልሙ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ የሲኞራ ግን የሁለት ቀን ተኩል ሥራ ነው።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ያጠበው እጅ ይቀባዋል። ነይ ተቀመጪ።»

ከሁሉ ያሳፈረኝ ሌላ ነገር ነበር። እኔ የሲኒማ ኦፕሬተር ልጅ ነኝ። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ሲኒማ ቤት አናት ላይ፣ ካቢና በምትባል ጠባብ ክፍል፣ ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ ሆኜ የተቆረጠ ፊልም ለፀሐይ ይዘው አንድ ዓይነት የሚመስሉትን ትንንሽ ምስሎች ያሳዩኝ ነበር። «ልዩነታቸውን ፈልጊ» ይሉኛል። አላገኘውም። «ባታገኚውም አለ። ልዩነት ባይኖር ማን ይንቀሳቀስ ነበር?» ይሉኛል። ከፊልም ሁሉ የሚወዱት ካርቱን ነበር፤ ካርቱን የመጣ ቀን እንደ ልጅ ከቤት ቀድመው ይወጣሉ። ግን እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር። እኔም እንደዚያው።

አባቴ በሰፈሩ መቀለጃ የሚያደርጋቸው አንድ ጠባይ ነበራቸው። ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ሲያልፍ መብራት አያበሩም። ሰዉ ያፏጫል፣ ወንበር ያንኳኳል፣ በጨለማ እየተደነቃቀፈ ይወጣል፤ እሳቸው የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ ድረስ ንቅንቅ የለም። ደርግ ሲኒማ ቤቱን ከወረሰው በኋላ ጠባያቸው አልተለወጠም። ፊልሙ የሶሻሊስት አገሮች ሆነ፣ ከፊልሙ በፊት ካድሬ ቆሞ መናገር ጀመረ፣ ስሙም በማይነበብ ፊደል መጣ። አንድ ቀን ካድሬው «ጓድ፣ ይህን ማን ያነበዋል ብለው ነው?» ቢላቸው «እነሱ ሠርተውታል፤ እኛ ባናነብም ይለፍ» አሉት። ይህን ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው፤ እንደ ጀግንነት ሳይሆን እንደ ተራ ነገር።

ወደ ቀበሮዋ ልመለስ። ሲኞራ ጣቶቹ የተቆረጡ ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቁልኝ፤ የእጅ ወዝ ቅጠሉን እንዳይነካው ነው። መስመሩ ከፊት ይሰመራል፤ ቀለሙ ግን ከጀርባ ነው የሚቀባው። ስለዚህ ከፊት የሚታየው ነገር ቀድሞ ይቀባል። የዓይኑ ብልጭታ መጀመሪያ፣ ብሌኑ ቀጥሎ፣ ነጩ ከዚያ በኋላ። እኔ ደግሞ ነገር ከኋላ መጀመር ይቀናኛል፤ እናቴ «ግራ እጅሽ ነው የሚያስበው» ትለኝ ነበር። በሦስተኛው ቅጠል ላይ ሲኞራ መነጽራቸውን አውልቀው እጄን አዩት። በሳምንቱ ስቱዲዮ ይዘውኝ ሄዱ። ለቤቱ ሌላ ሠራተኛ ፈልጌ አመጣሁላቸው፤ ከፒያሳ ቪቶሪዮ በርበሬ ስትገዛ ያገኘኋት የጎጃም ልጅ ነበረች፤ ምንም አላጠበችባቸውም።

ስቱዲዮው አሮጌ ጋራዥ ነበር። አሥራ አራት ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠን እንቀባለን። ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ምስል ያልፋል፤ ለማቃለል አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ይነሳል፣ ስለዚህ አሥራ ሁለት ሥዕል ይበቃል። ቅጠል በቅጠል ላይ ሲደረብ የታችኛው ቀለም ትንሽ ይጠቁራል፤ እንግዲያው ታች ለሚሆነው ቀበሮ ፈካ ያለ ቀይ፣ ላይ ለሚሆነው ደብዘዝ ያለ ቀይ ይበጠበጣል። ይህን የምትበጠብጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሲኞራ ነበሩ።

ሲኞራ ሲቀቡ ያወራሉ። ስለ ካርቱን ታሪክ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ከሳቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ካርቱኖች ከጣልያን ርቀው፣ ደቡብ አሜሪካ ተሠርተው ኖሮ እሳት በላቸው፤ ዛሬ አንድም ሰው አያያቸውም። ከተረፉት ሁሉ የሚቀድመውን የሠራችው ደግሞ ሴት ናት። ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች፣ መገጣጠሚያውን በሽቦ እያሠረች፣ ከመስታወት በታች መብራት አብርታ፣ ሦስት ዓመት ፈጀባት አሉ። «መቀስ ብቻ!» ይላሉ ሲኞራ፣ የራሳቸው እህት የሠራችው ይመስል። ቅጠሉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ቅጠሉ ከመምጣቱ በፊት ሰውየው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ከኋላው ያለው ቤትና ዛፍ እንደገና ይሳል ነበር፤ ከመጣ በኋላ ቤቱ አንዴ ይሳላል፣ ሰውየው ብቻ ይቀያየራል። ቀጥሎ መስታወቶችን እንደ መደርደሪያ አራርቀው፣ ካሜራውን ከላይ ሰቅለው፣ የቅርቡን ዛፍ ፈጠን የሩቁን ተራራ ዘግየት እያደረጉ ማንሳት ተማሩ፤ ሥዕሉ ጥልቀት አገኘ።

ያን ሁሉ ለአባቴ እጽፍላቸው ነበር። አገር ቤት ደብዳቤ ስለሚከፈት ስለ ሌላ ነገር መጻፍ አይቻልም፤ ስለ ካርቱን መጻፍ ግን ማን ይከለክላል? ስለ መስታወቶቹ በጻፍኩላቸው ጊዜ መልሳቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ «አሁን ገባኝ። በአውቶቡስ ስሄድ የመብራት እንጨቱ ይሮጣል፣ እንጦጦ ግን ቆሞ ይከተለኛል። እነዚያ ሰዎች አውቶቡስ ተሳፍረው ነው ያሰቡት።» ለሲኞራ ተርጉሜ ብነግራቸው ብሩሻቸውን አስቀምጠው «አባትሽን እዚህ አምጪያቸው» አሉ።

ሲኞራ የማይወዱት አንድ ነገር ነበር፤ ፎቶ ኮፒ። እሳቸው ወጣት ሳሉ የሠዓሊውን የእርሳስ ሥዕል በቀለም ብዕር ቅጠሉ ላይ የሚገለብጡ ሴቶች ነበሩ። እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ሙሉ ክብ የሚያሰምሩ። በኋላ የእርሳሱን ሥዕል በቀጥታ ቅጠሉ ላይ የሚያትም ማሽን መጣ፤ ሴቶቹ በአንድ ክረምት ተሰናበቱ። መስመሩም ጸጉራም ሆነ። ይህንንም ለአባቴ ጻፍኩ። «እኔ እኮ» ብለው መለሱልኝ፣ «በኋላ በመጡት ካርቱኖች መስመሩ ሸካራ ሲሆንብኝ ፊልሙ አርጅቶ ነው የመጣልን እያልኩ የማሳያውን መነጽር ስወለውል ነበር። ለካ እዚያ ሰው ተባሮ ኖሯል።»

እንዲህ ሆነን ሦስት ዓመት ያህል ተጻጻፍን። አንድ ቤት ሳለን ያን ያህል ተነጋግረን አናውቅም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር ጥፋቴን ልሸፋፍን አልፈልግም። ስለ ስም ነው።

የኔ ስምና የአባቴ ስም ሁለት ስም ናቸው፤ ይህን ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። ለጣልያን ግን የኋለኛው ስም ቤተሰብ ነው፤ ኮኞሜ ይሉታል፣ ሰው በሱ ይጠራል። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ልቀበል ኩዌስቱራ የሚሉት ፖሊስ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው የአባቴን ስም ይጠራል። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አባቴ መጥተው እንደሆነ ብዬ ዞሬ በሩን አየሁ። ሙሉ ለሙሉ ተነስቼ ነበር። በሩ ላይ ማንም የለም፤ ተራዬ አለፈ፣ ሌላ ቀን ተመለሽ ተባልኩ። ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ ከብስጭት ይሁን ከናፍቆት ለይቼ አላውቅም። አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ ግን ስቃ ልትሞት ነበር።

ስቱዲዮም ያው ነው። «ሲኞሪና» ብለው የአባቴን ስም ያስከትላሉ። ጓንቴ ላይ የአባቴ ስም፣ የቀለም ዕቃዬ ላይ የአባቴ ስም። መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ አናደደኝ። ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ወገቤ የሚቆረጠው እኔ፣ ዓይኔ የሚጠፋው እኔ፣ የሚመሰገኑት አባቴ! «የኔ ስም እኮ ይሄ ነው» ብዬ ሳስረዳ «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ»፣ እሺ እሺ ይሉና በማግስቱ መልሰው በአባቴ ይጠሩኛል።

በሦስተኛው ዓመት ረጅሙ ፊልም ሊያልቅ ተቃረበ። የስቱዲዮው የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ስለሆነ ሁላችንም እንደ ሰርግ ቤት ሽር ጉድ ላይ ነበርን። በዚያው ሰሞን አንድ ዜና መጣ፤ በመጨረሻው የስም ገጾች ላይ የቀለም ሴቶችም እንጻፋለን። ሲኞራ አላመኑም። ወጣት ሳሉ በሠሩባቸው ፊልሞች ውስጥ የቀቢዎች ስም አንድም ቦታ የለም። እኔ ያንኑ ዕለት ለአባቴ ጻፍኩ።

መልሳቸው ሲደርሰኝ ፖስታው ከሌላው ጊዜ ሳሳ ያለ ነበር። ስለ ካርቱን አንድም ጥያቄ የለበትም። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ስም አሳልፌአለሁ። ለራሴ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም። ስምሽ ሲጻፍ የኔንም ከጎንሽ አስጽፊልኝ። ያ ፊልም እዚህ ባይመጣ እንኳ የሆነ አገር አንድ ጊዜ ግድግዳ ላይ ያርፋል። እሱ ይበቃኛል።»

አንብቤ ወደ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ ዛሬም ቢጠይቁኝ አሳማኝ መልስ የለኝም። ጠዋት ከኃላፊው ጋር ተጣልቼ ነበር፤ ቀለም ሊያደርስ የመጣው ሰው እንደገና በአባቴ ስም ጠርቶኝ ነበር። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ሕይወቴን ሙሉ የሚያውቁኝ የኦፕሬተሩ ልጅ በመባል ነው። ያቺ አንዲት ሥራ የኔ ብቻ እንድትሆን ፈለግሁ።

በሳምንቱ የስቱዲዮው ጸሐፊ ወረቀት ይዛ በየጠረጴዛው መጣች። የሁሉም ስም የመጀመሪያ ፊደልና ኮኞሜ ሆኖ ተጽፏል። እኔ ጋ ስትደርስ የኔ ስም አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆናለች፤ አባቴ ግን በሙሉ ቁመታቸው ተቀምጠዋል።

«ይሄ እኔ አይደለሁም» አልኳት።

«አንቺ ነሽ እንጂ። ኮኞሜሽ አይደለም?»

«አባቴ ናቸው። ፊልሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። የኔን ስም ጻፊ።»

ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። ወረቀቱን አየት አድርጋ «እሺ፣ ላንቺ ሁለቱንም በሙሉ እጽፋለሁ፤ ቦታ አለ» አለችኝ።

ሲኞራ ከማዶ ሆነው ይሰማሉ። «አባትሽን ተያቸው፣ ይኑሩበት» አሉኝ ቀስ ብለው። አባቴ ስለ አውቶቡሱ የጻፉትን ሲኞራ አልረሱም።

«አይ» አልኩ። «የኔን ብቻ። ቀጣዩ ፊልም ላይ እሳቸውን አስጨምራለሁ።»

ጸሐፊዋ ትከሻዋን ነቅንቃ የአባቴን ስም ሰረዘች። በቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ፊልሙ ሮም የታየ ዕለት ከሲኞራ ጎን ተቀመጥኩ። ቀበሮዋ አንገቷን ስታዞር ሲኞራ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። መጨረሻ ላይ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል ስሞቹ ገጽ በገጽ መጡ፤ አንዱ ገጽ ሦስት ሰከንድ ይቆያል። የኛ ገጽ መጣ። የአሥራ ሦስቱ ሴቶች ስም ፊደልና ኮኞሜ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ተሰልፏል፤ የኔ አንድ ቃል ናት። ከጎኗ ጥቁር ባዶ ቦታ አለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል። ግን እጇን የሚይዛት ሰው ጠፍቶባት ገበያ መሃል የቆመች ልጅ መሰለችኝና ቶሎ ብዬ ወደ ሲኞራ ዞርኩ። እሳቸው የራሳቸውን ስም እያዩ ያለቅሱ ነበር።

ለአባቴ «ስሜ አለበት፤ እግዜር ብሎ ከደረሰ ያዩታል» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ጠየቁኝ ነገር አንድ ቃል አላነሣሁም። አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ፊልሙ መቼ አዲስ አበባ ይደርሳል ብዬ ነው እንጂ።

ደረሰ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ በአንድ የጣልያን ፊልም ሳምንት ተጭኖ፣ ከከተማው ሲኒማ ቤት ሁሉ አባቴ የሚሠሩበት ቤት ገባ። ይህን ያወቅኩት ከደብዳቤያቸው ነው። በጣም አጭር ነበር። «ፊልምሽን አሳየሁት። ቀለሙ እንዳልሽው ነው። ስምሽን አየሁት፤ ግልጽ ነው፣ ይነበባል። እኔም ሰዎችም ደስ ብሎናል።» ሌላ ምንም የለም። እፎይ አልኩ። ልብ አላሉትም ብዬ አሰብኩ! ሠላሳ ዓመት የሰው ስም ሲያነቡ የኖሩ ሰው ልብ አላሉትም ብዬ።

ቀጣዩ ፊልም አልመጣም። ስቱዲዮው ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጥቂት ሠራ፤ ከዚያ የኮምፒዩተር ወሬ ተሰማ። ቅጠል የለ፣ ጓንት የለ፤ ቀለሙን በመንካት ብቻ ይሞላል ተባለ። ሲኞራ «እነዚያ ሴቶች ሲባረሩ እኔ ብሩሽ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ አሁን ተራዬ ነው» አሉና ጡረታ ወጡ። እኔ ወደ ሰው ቤት ሥራ ተመለስኩ። በዚያው ዓመት፣ ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ የአባቴ መርዶ ደረሰኝ። ለቀብር የሚሄድበት ጊዜ አልነበረም።

ሐዘን ላይ እያለሁ ነው ያቺን ሴት ያገኘኋት። ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል መንገድ ላይ፣ አበሻ ምግብ የሚሸጥበት አንድ ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ለብሼ ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጬ ሳለ ከወዲያ ጥግ ተነስታ መጣች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ገና ፔርሜሶ ያላገኘች፣ የአንዲት አሮጊት አስታማሚ ሆና ለመቀጠር የመጣች ናት። ልጅ ሳለሁ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ በትንሿ መስኮት ትኬት ትቆርጥ የነበረችው ሴት ኖራለች፤ እኔ አላወቅኋትም፣ እሷ ግን በመልኬ አወቀችኝ።

«የአባትሽ ፊት ነው ያለሽ» ብላ አቅፋ አለቀሰችና አጠገቤ ተቀመጠች። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ። ያንን ፊልምሽን ያሳዩ ዕለት እኮ ነበርኩ።»

«ነበሩ እንዴ?»

«እንዴት አልኖርም! ለሠራተኛው ሁሉ፣ ለዕድራቸው ሰው ሁሉ፣ ልጄ ስሜን በፊልም ላይ አስጽፋልኛለች፣ እሑድ ቀትር ላይ ኑ ብለው ነበር። ፊልሙ የደረሰን ረቡዕ ነው። ወዲያው የመጨረሻውን ጥቅል አወጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በማጉያ መነጽር ማየት ጀመሩ። ሻይ ይዤላቸው ስገባ ማጉያውን አስቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። አመመዎት ወይ ብላቸው አላመመኝም አሉ። ከዚያ ሐሙስ ካቢናውን ዘጉት። ዓርብ ዘጉት። ቅዳሜ በሩን ሲከፍቱ ዓይናቸው ደም መስሏል፤ መርፌ ይዘዋል፣ ጣታቸውን በጨርቅ ጠምጥመዋል።»

«መርፌ?»

«የልብስ መርፌ ነዋ። ምንድን ነው ብላቸው፣ ልጄ የላከችው ትእዛዝ ነው አሉኝ። በጣልያንኛው ለሁለታችን ቦታ ስላልበቃ፣ የኔን እዚያው ሆኜ በአማርኛ እንድጽፈው ነግራኛለች አሉ። እሑድ ሰዉ መጣ። መጨረሻው ሲደርስ አንድም ሰው አልተነሳም። ስምሽ በፈረንጅ ፊደል ወጣ፤ ከጎኑ ደግሞ የሳቸው ስም፣ በኛ ፊደል፣ ነጭ ሆኖ፣ እየተንቀጠቀጠ። ኋላ ያሉት ፊልሙ ተቧጨረ ብለው ጮኹ እንጂ የኛ ሰዎችማ አጨበጨቡ። እሳቸው ከካቢናው ቀዳዳ ያዩ ነበር።»

ሴትየዋ ሌላም ብዙ ነገረችኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። እጄ ሳላውቀው ያሰላ ነበር። እኛ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያነሳን ሥራችንን እናቃልላለን። የተቀዳ ፊልም ላይ በመርፌ ለሚጽፍ ሰው ግን ማቃለያ የለም፤ እያንዳንዷን ምስል መጫር አለበት። እያንዳንዷ ምስል የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ከኔ ስም ጎን ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ የሩዝ ፍሬ ቢያህል ነው። አንዱ ጭረት ከሌላው ቅንጣት ቢዛነፍ ስሙ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው። ሦስት ሰከንድ፣ በሃያ አራት። ሰባ ሁለት ጊዜ። እኔ አንድ ጊዜ ለማስጻፍ እንቢ ያልኩትን ስም አባቴ ሰባ ሁለት ጊዜ ጽፈውታል። አንዲት ምስል እንኳ ፊልም ቆርጦ ያስቀረ ኦፕሬተር ሌባ ነው ይሉ የነበሩ ሰው፣ የሰው ፊልም በመርፌ ቧጭረዋል፤ ያውም እኔን ከሰው አፍ ለመሸሸግ።

ጓደኛዬ ፊቴን አይታ እጄን ያዘችኝ። ሴትየዋ የሐዘን እንባ መስሏት ጉንጬን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ያን ዕለት ሁላችንም ስንወጣ ምን እንዳልን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «እንዲህ ያለች ልጅ ትውለድልን፤ አባቷን ባሕር ማዶ ሆና ያልረሳች አልን። በአማርኛ ይጻፉት ያልሻቸው አንቺ ነሽ አይደል?»

ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

«አዎ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ያልኳቸው።»